ስኳር ያለበት ሰው ልቡን ምን ያህል ያሠራ? ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በስኳር ክትትል ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ስለ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ ስለ ልብና ስለ እንቅስቃሴ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት መካከል እነሆ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፣ ከአዘዞ። ማታ ማታ ከጎረቤቴ ጋር እየተጨዋወትን ሜዳ ሜዳውን ግማሽ ሰዓት ወክ እናደርጋለን። ለልቤ ይበቃል ወይስ ልሩጥ?

መልስ፦ ጋሼ፣ መሮጥ ግዴታ አይደለም። ግን ጨዋታው እንዴት ነው? ወሬው እንደ ልብ የሚፈስ ከሆነ እርምጃው ገና ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ያፍጥኑት። እያወሩ መሄድ ችለው መዝሙር ማዜም ሲያቅትዎ መካከለኛው ጉልበት ላይ ደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንደዚያ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ። በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አይዝለሉ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ ለሚያስገባው ሆርሞን) ያገኘው ንቃት ቶሎ ይጠፋልና። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ዳገታም ከተማ ናት፤ አዘዞ ሜዳ ላይ ቀላል የነበረው እርምጃ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ከባድ ይሆናል። ደቂቃ ከመቁጠር በፊት ትንፋሽዎን ያድምጡ።

ጥያቄ፦ ጂም ውስጥ በኃይል ስሮጥ ቆይቼ ስለካ ስኳሬ ከ140 ወደ 190 ወጣ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ሰውነት በኃይል ሲሠራ አድሬናሊን ይረጫል፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይወርዳል፤ ጡንቻህም እስከ ማግስቱ ድረስ ስኳር ሲስብ ይውላል። ጠንካራው ልምምድ የልብና የሳንባን አቅም በአጭር ጊዜ በደንብ ያሳድጋል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተቀምጠህ ከኖርክ ወይም ደም ግፊት ካለብህ ከመጀመርህ በፊት ሐኪም ልብህን ይይልህ። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ የልብ ሕመም ያለ ደረት ውጋት ሊመጣ ይችላል፤ ያልተለመደ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ይሆናል ምልክቱ። ያ ከመጣ እዚያው አቁመህ ወደ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የተደረገ ትልቅ ጥናት እንቅስቃሴ ለስኳር በሽተኛ ልብ አይጠቅምም ብሏል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሉክ አሄድ የተባለው ነው። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ተጀምሮ፣ 5,145 ሰዎችን ይዞ በ2012 ቆመ። ክብደት መቀነስንና በሳምንት 175 ደቂቃ እንቅስቃሴን ያጣመረውን ወገን ይህ ፕሮግራም ካልተሰጠው ወገን ጋር ያወዳደረ ነበር። የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) እና የስትሮክ ቁጥር በሁለቱ ወገን አልተለያየም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም የተንቀሳቀሱት ስኳራቸው ተሻለ፣ አቅማቸው ጨመረ፣ መድኃኒትም ቀነሰላቸው። ሁለቱም ወገን የኮሌስትሮልና የግፊት መድኃኒት በደንብ ይወስድ እንደነበረም አይዘንጋ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ወክ ጀመርኩ ብሎ ኪኒን ማቆም አይገባም። እዚህ በየሳምንቱ የማየው ስህተት ይህ ነውና ከልቤ እለምናችኋለሁ።

ጥያቄ፦ አቴኖሎል የሚባል የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የቱንም ያህል ብፈጥን የልብ ምቴ ከ100 አያልፍም።

መልስ፦ መድኃኒቱ ነው የያዘው። ቁጥሩን ይተዉትና በትንፋሽዎ ይለኩ። መድኃኒቱ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥም ይደብቃል፤ ላቡ ግን አይደበቅም።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ሳለሁ ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ውጬ በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ እትዬ፣ ይህ ዝም የሚባል አይደለም። ያ ኪኒን በሉም አልበሉም ኢንሱሊን ያስወጣል። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ዳገቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጋቢያቸው በላብ ርሷል፣ በደንብ የሚያውቁኝ ሰው ማን እንደሆንኩ ጠፋቸው። ከሻይ ቤት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በስሜ ጠሩኝ። (መዋጥ የማይችል ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም።) እርስዎም ስኳር በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው ይያዙ፤ ከጾሙ በፊት የኪኒኑን መጠን ከሐኪም ጋር፣ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ውስጥ በስኳር ምክንያት ደም ፈሷል ተብያለሁ። ክብደት ላንሳ?

መልስ፦ የዓይን ሐኪምዎ እስኪፈቅድ አያንሱ፤ ማማጥና መዝለልም ይቅር። ሜዳ ላይ መራመድ ይችሉ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በበረባሶ ወክ ባደርግስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ኮብልስቶኑ ላይ የተላጠ ቆዳ፣ እግርሽ ከደነዘዘ፣ ሳይሰማሽ ይመረቅዛል። ካልሲና የተሸፈነ ሸራ ጫማ አድርጊ፤ ከመልበስሽ በፊት ውስጡን በእጅሽ ዳብሺ። ማታ ደግሞ የእግርሽን ጣቶች መሃል እይ፤ መርገጫሽ ካልታየሽ ልጅሽ ይይልሽ።