እታለም፣ ስሜን አጠፉት

ይህን ገጽ ዛሬ ገና ለምታነቡ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ 14 ዓመት በአዝማሪ ቤት ዘፍኛለሁ። አሁን ግድግዳዋ በእንቁላል ትሪ የተለበጠ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ሙዚቀኞች የሚጽፉልኝን ደብዳቤ አነባለሁ፤ እዚህ እመልሳለሁ። በዚህ ወር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«እታለም ጤና ይስጥልኝ። ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። ጥር ላይ አንድ ሰርግ ተጠርቼ ስጫወት፣ ከሙሽሪት ወገን አንድ ሰውዬ «ተቀበል!» ብሎ ስለ ሙሽራው አክስቶች ይህን ሰጠኝ፦

መቀነታቸውማ ያምራል አሠራሩ፣
አንዴ ከቋጠረ አይፈታም ከዳሩ።

ተቀበልኩ። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አክስቶቹ ራሳቸው ሳቁ። አንደኛዋማ ተነሥታ መቀነቷን ፈታችና ብር ግንባሬ ላይ ለጠፈችልኝ። አንድ ልጅ ግን በስልኩ ቀርጾ፣ ሁለቱን ስንኝ ብቻ ቆርጦ «የእገሌን አገር ሰው ቋጣሪ ብሎ የሰደበ አዝማሪ» ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በሦስት ቀን ስድብ በስድብ ሆንኩ። ከፋሲካ በኋላ ይዘውኝ የነበሩ ሁለት ሰርጎች ሰረዙኝ። ጓደኞቼ «ላይቭ ግባና ልክ ልካቸውን ንገራቸው» ይሉኛል። ልግባ?»

(የአገሩን ስም ከደብዳቤው የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ያንን ነገር ድጋሚ እዚህ ማተም አልፈልግም።)

አትግባ ወንድም ዓለም። ስልክህን ለእናትህ ስጣትና ተኛ።

ይህን የምልህ ስለገባሁበት ነው። በ2011 አንድ ሰው ከቪዲዮዬ ሥር «ድምጿ ቅባት እንዳላየ በር ሲጢጥ ይላል» ብሎ ጻፈ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። እናቱን ሳይቀር ጨምሬ መለስኩለት። ጠዋት ስነሣ አፍሬ አጠፋሁት። ለካስ ስክሪንሾት ተይዟል። እሱ ምን እንዳለኝ ዛሬ ማንም አያስታውስም። እኔ ያልኩት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዞረ። አንዲት የሙሽራ እናት «ያችን ተሳዳቢዋን ነው የምታመጡልኝ?» ብላ ከሰርግ አስቀርታኛለች። ምን ትበል?

ያንተ ተቆርጦ የወጣው 20 ሰከንድ ቢሆን ነው። ላይቭ ብትገባ አንድ ሰዓት ሙሉ ንዴት ትሰጣቸዋለህ። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የሚቆርጡት አያጡም።

አሁን ሥራውን እንሥራ። የጻፍከውን ድጋሚ አንብበው። ስንኙ «አይፈታም» ይላል፤ ሴትዮዋ ተነሥታ ፈታችው! ከዚህ የተሻለ መልስ አንተም እኔም አንገጥምም። ልጁ ቪዲዮውን የቆረጠው ልክ እሷ ከመነሣቷ በፊት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግህ የእሷ እጅ የሚታይበት ቪዲዮ ነው።

እሱ ደግሞ አለ። ጎንደር ላይ ቪዲዮ ቀራጭ ሳይጠራ የተደገሰ ሰርግ አሳየኝ እስቲ። መጀመሪያ ግን ቀራጩ ጋ አትሂድ። ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ሂድ። ስማቸው የተነሣው የእነሱም ነው፤ ምናልባት ካንተ የባሰ አዝነው ይሆናል። «ሙሉውን ባወጣው ትፈቅዳላችሁ?» በላቸው። አክስትዮዋ በራሷ አፍ አንዲት ቃል «እኛ ስቀናል፣ ሸልመናል» ካለችልህ እሰየው። ካልፈለገች አታስጨንቃት።

ከዚያ «ተቀበል!» ከሚለው ጩኸት አንሥተህ ብሩ ግንባርህ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ሳትቆርጥ ልቀቀው። ከላይ «ሙሉው ይኸው» ብቻ ጻፍ። ሙዚቃ አትጨምርበት፣ የሚያለቅስ ኢሞጂም አታድርግበት። ስንኙን የሰጠህን ሰውዬ ስም አታንሣ፤ ካነሣህ ነገ እሱን ይሰድቡታል። ቲክቶክ ቪዲዮ ገጽህ አናት ላይ እንድትሰካ ይፈቅዳል። ስካው። ስምህን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።

ኮመንቱን በሙሉ አትዝጋ፤ የሚደግፉህም እዚያው ነው ያሉት። የማትፈልጋቸውን ቃላት አንድ በአንድ እየጻፍክ እንዳይታዩ የምታደርግበት ቦታ ቅንብሩ ውስጥ አለ። «ቋጣሪ» ከሚለው ጀምር።

ከስድብ አልፎ «እናገኝሃለን» የሚል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ብሎክ ከማድረግህ በፊት የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሊንኩ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት ያዝና ፖሊስ ጋ ሂድ። በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

ቪዲዮውን የለቀቀውን ልጅም ፈልገው። ጎንደር ነች፤ ከሁለት ሰው በላይ ሳትጠይቅ ታገኘዋለህ። ቡና ጋብዘው። ብዙ ጊዜ ልጆቹ ላይክ እንጂ ሰው ማጥፋት አይደለም የሚፈልጉት። እሱ ካጠፋው በሪፖርት ከመታገል ይሻላል። የሰረዙህን ሁለት ሰርጎች ግን በጽሑፍ አትለምናቸው። ደውልላቸው፣ ቪዲዮውን ላክላቸው፣ ከዚያ ተዋቸው። ላይመለሱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። ስንኙ የሰውዬው ነው፤ ድምፁ ግን ያንተ ነው። ዱሮ የዳስ ጨዋታ ከዳስ አይወጣም ነበር። የሰማ ሁሉ የሳቀ ነው። ዛሬ ሳቁ ላይ ያልነበረ ሰው ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ አገር የሚነካ ነገር ሲሰጡህ እጠፈው። «አልሰማሁም ጌታዬ፣ ይደገም» በል። ሲደግመው መጨረሻዋን ቃል አዙረህ ወደ ራሱ መልስለት። ይህን ማሲንቆ የያዘ ሰው ያውቃል፤ እኔ አላስተምርህም። ደግሞ የራስህን ስልክ ጥግ ላይ አቁመህ ሙሉውን ቅረጽ።

«ልጄ፣ 68 ዓመቴ ነው። በ1980ዎቹ አንድ ካሴት አውጥቼ ነበር። የልጅ ልጄ ዘፈኖቹን በቅርቡ ኢንተርኔት ላይ ጫነልኝና ደስ አለኝ። አሁን ግን ስሜ ሲፈለግ የሚመጣው የአንድ ጎረምሳ ፎቶ ነው። የእሱ ዘፈኖችና የእኔ ተቀላቅለዋል። የእሱ ደግሞ ለጆሮ የሚከብድ ነው። የጽዋ ማኅበር ወንድሞቼ «በስተርጅና?» እያሉ ይስቁብኛል። ምን ይሻላል?»

ጋሼ፣ ሳቄን ይቅር ይበሉኝ። ያ ጎረምሳም እኮ ችግር ላይ ነው። አድናቂዎቹ ሊጨፍሩ ከፍተው የእርስዎን ትዝታ ሲሰሙ ምን እንደሚሉት ያስቡት።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። በሁለቱም ሞክሼ የሚሆን ሰው ሞልቷል። ስፖቲፋይን የመሳሰሉት የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያዎች ደግሞ ሰውን የሚለዩት በተጻፈው ስም ነው። የልጅ ልጅዎ ዘፈኑን በአከፋፋዩ (ዘፈን ተቀብሎ ወደነዚህ መተግበሪያዎች በሚያደርሰው ድርጅት) በኩል ሲጭን፣ ይህ ሰው አዲስ ነው ወይስ ነባር ተብሎ ሳይጠየቅ አልቀረም። እዚያ ላይ ነው ሳያስበው ያለፈው። አሁን ለዚያው አከፋፋይ ይጻፍና «እነዚህ ዘፈኖች የሌላ ሰው ገጽ ላይ ገብተዋል፣ ለብቻ ገጽ ይከፈትልን» ይበል። ስፖቲፋይ ራሱም ለሙዚቀኞች ባዘጋጀው ክፍል በኩል የተቀላቀለ ሥራን ጥቆማ ይቀበላል። ቀናት ይወስዳል፤ ይታገሡ።

ለወደፊቱ የአያትዎን ስም ይጨምሩ ወይም የተወለዱበትን ቀበሌ። አጻጻፉም አንድ ይሁን። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽን ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አይነሣ። አንዱን ይምረጡና ፌስቡክም ዩቲዩብም ላይ ያው ይጻፍ። ፎቶም ይነሡ፤ ማሲንቆዎን ይዘው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። የማኅበር ወንድሞችዎ ፎቶውን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት የፈረማችሁት ወረቀት አለው? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ድምፃዊው መብት እንዳለው ሁሉ ድምፁን ያሳተመውም የራሱ መብት አለው። ሰዎቹ ካሉ ጠይቀው ያስፈቅዱ። አለዚያ ነገ ደግሞ «የሰው ካሴት ሰረቁ» የሚል ይመጣል።

«እታለም፣ አንድ ልጅ በ2,000 ብር 40 ሺህ ቪው እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ለጀማሪ ችግር አለው?»

አለው። 40 ሺህ ቪውና ሦስት ኮመንት ሲያይ የሆቴል ባለቤት ሳይቀር ይስቃል። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ የእህትህ ነው። ስፖቲፋይ ላይማ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሐሰት አድማጭ የበዛበት ዘፈን ሲገኝ አከፋፋዩ ይቀጣል። አከፋፋዩ ደግሞ ወይ ቅጣቱን ላንተ ያስተላልፈዋል፣ ወይ ዘፈንህን ያወርደዋል። በ2,000 ብሩ የማሲንቆ ልጅ ቀጥረህ አንድ ዘፈን በደንብ ቅረጽ።

«እታለም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ፤ እዘፍናለሁም። በ2016 የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው በስሜና በፎቶዬ የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ «አልበም ላወጣ ነው፣ አግዙኝ» እያለ ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ገንዘብ ሲሰበስብ ቆይቷል። ያወቅሁት አንዲት ሴትዮ «300 ዶላር ልኬልሽ አመሰግናለሁ እንኳ አላልሽም» ብላ ስትጽፍልኝ ነው። ዘፈኔንም ሌላ ሰው ዩቲዩብ ላይ በራሱ ቻናል ጭኖታል። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከገጹ ጀምሪ። ከማዘጋቱ በፊት ግን ሰንጂው። የገጹን ሊንክ፣ «አግዙኝ» ያለባቸውን ጽሑፎች፣ የሰጠውን የሂሳብ ቁጥር ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ። ቶሎ ካዘጋሽው ማስረጃሽም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ገጹ ላይ ገብተሽ «እኔን መስሎ» የሚለውን መርጠሽ ሪፖርት አድርጊ። መታወቂያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ ገጽሽ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያሽ የሚገጥም ቢሆን ይቀልሻል። በራስሽ ገጽ ደግሞ «ገንዘብ እየሰበሰብኩ አይደለም» ብለሽ አጭር ማስታወቂያ አውጪና አናቱ ላይ ስኪው። ምርር ብለሽ አታልቅሺ፤ ሰው የሚፈልገው የትኛው ገጽ ያንቺ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ እኔም ተበልቻለሁ። ቀብድ የላከልኝ ሰው «በልታ ዝም አለች» ብሎ ጽፎብኝ፣ ያየሁት ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ የገጼ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ነች። አንቺም ከጎንደር ውጭ የምታምኚውን አንድ ሰው አድርጊ። ፓስዎርድሽን አትስጪ፤ በራሷ አካውንት እንድትገባ ፍቀጂላት እንጂ።

የዩቲዩቡ ላይ ቆም በይ። የጫነው ወዶሽ ነው ወይስ ሊበላብሽ? ስምሽን ጽፎ የጫነ አድናቂ ከሆነ መጀመሪያ ጻፊለት። ዩቲዩብ ላይ ይነሣልኝ ብለሽ ስትጠይቂ፣ ለጫነው ሰው 7 ቀን ሰጥቶ ራሱ እንዲያጠፋው የሚያደርግ አማራጭ አለ። ለአድናቂ እሱ ይበቃል። በራሱ ስም ከሆነ የጫነው ግን ወዲያው ይነሣልኝ በይ። እሱ ላይ ስትራይክ (የጥፋት ማስጠንቀቂያ) ይመዘገብበታል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የሞላበት ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። «ዘፈኑ የኔ ነው» ብሎ በይፋ ቢከራከር ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድሽን የምታሳዪበት 10 የሥራ ቀን ነው ያለሽ። ስለዚህ ወረቀትሽን ቀድመሽ አዘጋጂ።

ወረቀት ስል፣ ቻናልሽን አየሁት። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማው የማን ነው? ከዘፈኑ ሥር ምንም የለም። ጓደኛሽ በነጻ ጽፎልሽ ከሆነም ስሙን ጻፊ፣ አንድ ገጽ ተፈራረሙ። ሕጉ መብትሽን ያለ ምዝገባም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚሰጠው የምዝገባ ወረቀት ግን ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆንሻል። ሌባ ከመክሰስሽ በፊት አንቺ ራስሽ «ግጥሜን በላችኝ» እንዳትባዪ።

ለሴትዮዋ ግን ዛሬውኑ ደውዪላት። ተቆጥታ ብትዘጋብሽም ድጋሚ ደውዪ። አንቺ እንዳልሆንሽ ንገሪያትና የላከችበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልሽ ለምኛት። ብሩን የወሰደው ሰው ስም እሱ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ያንን ይዘሽ ሂጂ።