የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የ«ሦስት አምስተኛው» ቆጠራ ለማን ጠቀመ?

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጥቁርን ሰው የነጭ ሦስት አምስተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አረረ። በ1776 «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል» ብለው ያወጁ ሰዎች ከ11 ዓመት በኋላ ይህን እንዴት ጻፉ? እንደ ሙሉ ሰው ቢቆጠሩ ኖሮስ ባርነቱ ቶሎ አያበቃም ነበር? ልጄ መልስ እየጠበቀኝ ነው።
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ማዘንዎ ተገቢ ነው። ልጅዎ የሰማው ግን የእውነቱን ከፊል ብቻ ነው፤ የጎደለው ሲጨመርበት ነገሩ የሚከብድ እንጂ የሚቀል አይደለም። (በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1787 በፊላደልፊያ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት በዚህ አንቀጽ ስለ ቆዳ ቀለም የሚናገረው ነገር የለም። አንቀጹ የሚደነግገው፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት የሚያገኘው መቀመጫና የሚጣልበት ቀጥተኛ ግብር በሕዝቡ ብዛት እንዲወሰን፣ ብዛቱም ግብር የማይከፍሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሳይገቡበት፣ በነጻ ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ላይ «የሌሎች ሰዎች ሁሉ» ሦስት አምስተኛ ተደምሮ እንዲገኝ ነው። በዚህ ሒሳብ በቦስተን ወይም በፊላደልፊያ የሚኖር ነጻ ጥቁር እንደ ማንኛውም ነጻ ሰው አንድ ተብሎ ይቆጠር ነበር። «ሌሎች ሰዎች» የተባሉት ባሮቹ ናቸው። ስለዚህ ሦስት አምስተኛው የባሪያውን ሰብአዊነት የለካ ሚዛን ሳይሆን፣ በእርሱ ስም ለጌታው የሚታሰብ የሥልጣን ድርሻ ነበር።

ለልጅዎ ከሁሉ አስቀድመው ሊነግሩት የሚገባው ይህን ይመስለኛል፦ በጉባኤው ላይ «ባሮች ሙሉ ይቆጠሩ» ብለው የተሟገቱት የባሪያ ጌቶቹ ነበሩ። የሳውዝ ካሮላይና ልዑካን የነበሩት ፒርስ በትለርና ቻርልስ ኮትስወርዝ ፒንክኒ ባሪያ ከነጻ ሰው እኩል እንዲቆጠር ጠየቁ። ከማሳቹሴትስ የመጣው ኤልብሪጅ ጌሪ በበኩሉ፣ በደቡብ እንደ ንብረት የተያዘ ሰው ለውክልና የሚቆጠር ከሆነ የሰሜኑ ከብትና ፈረስ የማይቆጠረው ስለ ምንድን ነው ሲል ተከራከረ። ከዚህ አነጋገር እንደሚታየው ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ለባሮቹ አዝነው የተነሡ አልነበሩም፤ ብዙዎቹን ያሳሰባቸው በምክር ቤቱ ውስጥ በደቡቦቹ መዋጥ ነበር። ከልቡ ተቆጥቶ የተናገረው የፔንሲልቬንያው ልዑክ ጎቨርነር ሞሪስ ነው («ጎቨርነር» ስሙ እንጂ ማዕረጉ አይደለም)። ባርነትን የሰማይ እርግማን ብሎ ከጠራ በኋላ «ሰዎች ናቸውን? እንግዲያውስ ዜጎች አድርጓቸውና ድምፅ ይስጡ። ንብረት ናቸውን? ታዲያ ሌላው ንብረት ስለ ምን አይቆጠርም?» ሲል ጠየቀ። አሳማኝ መልስ የሰጠው አልነበረም፤ አንቀጹ ግን ጸደቀ።

ቁጥሩ ራሱ በዚያ ጉባኤ የተፈለሰፈ አይደለም። በ1783 ኮንግረሱ የክፍለ ግዛቶችን የግብር ድርሻ ለመደልደል ያቀረበው ስሌት ሲሆን፣ የሁሉንም ክፍለ ግዛቶች ስምምነት ስላላገኘ ሳይሠራበት ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ቆጠራው የሚያስከትለው ዕዳ ስለ ነበረ የደቡብ ሰዎች ባሮቻቸው አንሰው እንዲቆጠሩ ይሟገቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቆጠራው ወንበር የሚያስገኝ ሲሆን ግን ክርክራቸው ተገለበጠ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ፤ ሙሉ ቢቆጠሩ ኖሮስ? ይህን ቁጥር ይመልሰዋል። በ1790 በተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሳውዝ ካሮላይና 249,000 ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ከዚህም ውስጥ 107,000 ያህሉ ባሮች ስለ ነበሩ ነጻው ሕዝብ 142,000 ገደማ ነበር። ኒው ሃምፕሸር ደግሞ ሕዝቧ በጠቅላላው 142,000 ገደማ ሲሆን ባሮቿ 200 እንኳ አይሞሉም። የሁለቱ ነጻ ሕዝብ እኩል ሊባል የሚችል ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1792 ሕግ ለ33,000 ሰው አንድ መቀመጫ ሲደለደል፣ ኒው ሃምፕሸር 4፣ ሳውዝ ካሮላይና ግን 6 መቀመጫ አገኙ። ባሮቹ ጨርሶ ባይቆጠሩ ኖሮ የሳውዝ ካሮላይናም ድርሻ 4 ይሆን ነበር፤ ሙሉ ቢቆጠሩ ደግሞ 7። ወንበሩ በጨመረ ቁጥር የሚጨምረው የጌታው ድምፅ ነበር እንጂ ባሪያውማ የሚመርጠውም የሚመረጥበትም ነገር አልነበረውም።

የአንድ ክፍለ ግዛት የፕሬዚዳንት መራጮች (በክፍለ ግዛቱ ስም ለፕሬዚዳንት ድምፅ የሚሰጡት ጥቂት ሰዎች) ቁጥር የሚወሰነው በተወካዮቹ ብዛት ላይ ሁለቱ ሴናተሮች ተደምረው በመሆኑ፣ ይኸው ሒሳብ ወደ ላይኛው ሥልጣንም ወጣ። በ1800ው ምርጫ ቶማስ ጄፈርሰን 73፣ ጆን አዳምስ 65 የመራጮች ድምፅ አገኙ፤ ባሮች ባይቆጠሩ ኖሮ አሸናፊው አዳምስ ይሆን እንደ ነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች አስልተው ጽፈዋል። ከ1789 እስከ 1825 ባሉት 36 ዓመታት ውስጥ 32ቱን አገሪቱን የመሩት አራት ቨርጂንያውያን ሲሆኑ አራቱም የባሪያ ባለቤቶች ነበሩ። በ1819 ሚዙሪ የባሪያ ግዛት ሆና ኅብረቱን ትቀላቀል ወይስ አትቀላቀል በሚለው ላይ ያ ሁሉ ትግል የተነሣውም፣ ከሥነ ምግባሩ ክርክር ጎን ለጎን፣ አዲስ የባሪያ ግዛት ማለት በዚህ ስሌት የተጋነነ አዲስ ወንበር ማለት ስለ ነበረ ነው።

ሙሉ ቆጠራ ያለ ነጻ ድምፅ ምን እንደሚያመጣ በኋላ በተግባር ታይቷል። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ሦስት አምስተኛውን ሽሮ ሁሉም ሰው ሙሉ እንዲቆጠር አደረገ። ነገር ግን የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮችን ለመምረጥ በሚጠየቅ ግብር፣ በማንበብ ፈተና ሰበብ፣ አልፎም በግድያ ከምርጫ ሳጥን ሲያርቁ፣ በሙሉ ቁጥራቸው የሚገኘውን ወንበር የያዙት አራቂዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ይህም ዋናውን የመምረጥ መብት ሕግ እስካስገኘው እስከ 1965 ድረስ ቀጥሏል።

ጥያቄ፦ በ1787 በተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል የለም ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው?
የሕግ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እውነት ነው። «ባርነት» የሚለው ቃል መጀመሪያ የገባው በ1865 ባርነትን በሻረው በ13ኛው ማሻሻያ ነው። ጀምስ ማዲሰን፣ ራሱ የባሪያ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ሰው የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል የሚለውን አሳብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ማስገባት ስሕተት እንደሚሆን በጉባኤው ላይ ተናግሯል። ቃሉ ቢቀርም ነገሩ ግን አልቀረም። ከሦስት አምስተኛው ሌላ፣ የባሮች ንግድ እስከ 1808 በኮንግረሱ እንዳይታገድ የሚከለክል፣ እንዲሁም «ለአገልግሎት ወይም ለሥራ የተያዘ ሰው» ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ቢያመልጥ ለባለቤቱ እንዲመለስ የሚያዝዝ አንቀጽ ተጽፏል።

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ በ1793 ማስፈጸሚያ ሕግ ወጣለት፤ የፈረመበትም ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1796፣ የባለቤቱ የማርታ ዋሽንግተን የግል አገልጋይ የነበረችው ኦና ጀጅ ለማርታ የልጅ ልጅ ልትሰጥ መሆኑን ስለ ሰማች፣ ፊላደልፊያ ከነበረው የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ቤተሰቡ ራት ላይ ሳለ ወጥታ በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር ሸሸች። ፕሬዚዳንቱ ሰው እየላኩ ሊያስመልሷት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በእርጅናዋ ዘመን፣ ኑሮዋ የድህነት ስለ ነበረ፣ በመኮብለሏ ይጸጽታት እንደሆነ ተጠይቃ፣ ነጻ ነኝና አይጸጽተኝም ብላ መልሳለች፤ በ1848 እስክታርፍ ድረስ ግን በሕጉ መሠረት የሌላ ሰው ንብረት እንደ ሆነች ነበር።