እናቴን ከባለ ሦስት መኝታ ካውንስል ቤት ያዛወርኩበት መንገድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የነበርኩበት ትዝ አለኝ። እናትሽ ለንደን ውስጥ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በሚያከራየው ባለ ሦስት መኝታ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ካውንስሉ «ወደ ትንሽ ቤት ቢዛወሩ ገንዘብ እንከፍላለን» ብሎ ጽፏል፤ አንቺ ደግሞ «እንዴት ላሳምናቸው?» ብለሻል። እኔ እናቴን አዛውሬያለሁ፤ ግን ሁለት ጊዜ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው፦ ደብዳቤው የማስወጫ አይደለም። የዕድሜ ልክ ቴናንሲ (የኪራይ ውል) ያለውን ሰው እንግሊዝ ውስጥ ክፍል ተረፈህ ብለው ብቻ አያስወጡትም። (የሞተ ወላጁን ቴናንሲ የወረሰ ልጅ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ሌላ ተስማሚ ቤት ሰጥተው በፍርድ ቤት ሊያዛውሩት ይችላሉ።) ቤድሩም ታክስ የሚሉትም ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ለአንድ ትርፍ ክፍል የኪራዩን 14 በመቶ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ ከኪራይ ድጎማው ላይ ይቆርጣል እንጂ የመንግሥት ጡረታ የሚወስዱትን አይነካም። እማዬ ይህን ስለማታውቅ ከካውንስል የመጣውን ፖስታ ሁሉ ሳትከፍት ከቴሌቪዥኑ ሥር ትቆልለው ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ በገንዘቡ መጀመሬ ነው። «ቤቴን ልትሸጪው ነው?» አለችኝና ለሳምንት ስልኬን አላነሳችም። ቀጥዬ ደረጃውን አነሳሁ፣ ጉልበትሽን አልኳት። «ጉልበቴን ያመመኝ ዕድሜዬ ነው፣ ደረጃው ምን አደረገ?»

ነገሩ የተፈታው ክፍሎቹን አብረን አንድ በአንድ ያየን ቀን ነው። የካውንስሉ ሃውሲንግ ኦፊሰር «ትርፍ» ያለችው አንዱ ክፍል ለእማዬ ትርፍ አልነበረም። ወንድሜ ከነልጆቹ ሲመጣ የሚያድርበት፣ ለቅሶ ሲሆን ፍራሽ የሚነጠፍበት፣ ትልልቁ ድስት የሚቀመጥበት ነው። ሦስተኛውን ስንከፍት ግን የጋዝ ሂሳብ ፈርታ ራዲያተሩን ዘግታው፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ሻግቷል። ቆማ አየችውና «ይሄንን እተዋለሁ፣ ያንን አልተውም» አለች። እኔ እስከዚያ ድረስ የምጎትታት ወደ ባለ አንድ መኝታ ነበር! ባለ ሁለት መኝታ ጠየቅን፣ ካውንስሉም ተቀበለ። የእኛ ካውንስል የሚከፍለው በለቀቅሽው ክፍል ቁጥር ስለነበር ገንዘቡ ቀነሰ። ይቀንስ።

ስለ ኪራዩ ደግሞ አደራ፤ ቤቱ አነሰ ማለት ኪራዩ ረከሰ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ያሳዩን አዲስ የሃውሲንግ አሶሲየሽን (ከካውንስሉ ሌላ ቤት የሚያከራይ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) ቤት «አፎርደብል ሬንት» የሚባለው ነበር፤ ይህ እስከ ገበያው ኪራይ 80 በመቶ ድረስ ሊሄድ ይችላል። እማዬ ለሦስት መኝታ ከምትከፍለው የድሮ ሶሻል ሬንት (ዝቅተኛው የካውንስል ኪራይ) ይበልጥ ነበር፣ በዚያ ላይ የሊፍት ሰርቪስ ቻርጅ (ከኪራዩ ሌላ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ) አለው። ስለዚህ ኪራዩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ሰርቪስ ቻርጁ ስንት እንደሆነ፣ ቴናንሲውም የዕድሜ ልክ ሆኖ መቀጠሉን በጽሑፍ ሳትቀበዪ አታስፈርሚያቸው። በስልክ የተነገረ ቃል የትም አያደርስም።

ቤቱን እናትሽ ራሳቸው ይዩት። እኛን ጠዋት ደውለው እስከ ማግስቱ መልስ ስጡ አሉን። እማዬ ሲባጎ ይዛ መጣች፤ ሌሊቱን አልጋዋንና ቡፌዋን ለክታ ቋጠሮ አስራበታለች። ኤጀንቱ ስለ ቦይለሩ ሲያወራ እሷ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎዋን ትዘረጋለች። ቡፌው አልገባም። ለአንድ ቡፌ ስትል ያንን ቤት ተወችው፤ ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ልክ ነበረች እላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የኪራይ ውዝፍ ካለ ከእሱ ላይ ሊቀንሱት ስለሚችሉ አስቀድመሽ ጠይቂ። ለእኛ የመጣው ቁልፍ ካስረከብን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ቤቱ ደግሞ ያለ ምንጣፍ ነው የተሰጠን፤ የምንጣፉንም የቫኑንም እኔና ወንድሜ ከኪሳችን ከፈልን።

ካውንስሉ ቤት ካጣ ከሌላ ተከራይ ጋር መለዋወጥም አለ፤ ማመልከቻ ከገባ በኋላ አከራዩ በ42 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ለለንደን ተከራዮች ዕድሜያቸው 55 ከሞላ ከከተማ ውጭ ቤት የሚሰጥ ሲሳይድ ኤንድ ካንትሪ ሆምስ የሚባልም አለ። ለእማዬ ስነግራት «ባሕር ዳርቻ ሄጄ ማንን ላናግር?» ብላ ዘጋችው።

በመጨረሻ እሺ ያሰኛት ቤት ከሁሉም ያማረው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ያው የድሮው አውቶብስ በር ላይ ስለሚቆም ነው። እናትሽም እሁድ የሚሳፈሩትን አውቶብስ ቁጥር ጠይቂያቸውና ፍለጋውን በዚያው መስመር ጀምሪ።