ነጭ ካያችሁ ነጭ ብላችሁ ጻፉ

ልጆች፣ ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ነው። የአየር ሁኔታ ተመልካች ነበርኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ ገና ጀማሪ ሳለሁ ስለዋሸሁት አንድ መስመር ነው።

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ከላይ እንደ ሻሽ የሳሳ ደመና ተዘርግቷል። ጨረቃዋን ትልቅ ቀለበት ከቧታል። መዝገቡን ገለጥኩና «ውስጡ ቀይ፣ ውጪው ሰማያዊ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት አለቃዬ አነበቡት። «ቀዩን አይተኸዋል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ያየሁት ነጭ ነበር። ቀዩን ያመጣሁት ከመጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ አልተሳሳተም። እዚያ ደመና ውስጥ ያሉት ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ብርሃኑ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ቢያንስ 22 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ቀይ ከሌሎቹ ቀለሞች ያነሰ ስለሚታጠፍ በጨረቃዋ በኩል ይቀራል፤ ሰማያዊው ወደ ውጪ ይወጣል። ችግሩ የጨረቃ ብርሃን ደካማ ነው። በጨለማ ደግሞ ዓይናችን ቀለም መለየት ያቅተዋል። ካሜራ ግን ብርሃኑን ለጥቂት ሰከንዶች አጠራቅሞ ቀዩን ሊያወጣው ይችላል። ፎቶ ካነሳችሁ ጎኑ ላይ «በካሜራ» ብላችሁ ጻፉ። በዓይን ያያችሁትን ለብቻው።

መለካትም አለ። መሣሪያ አትፈልጉ፣ ስንዝር ይበቃል። ክንዳችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ጨረቃዋ ላይ አድርጉ። ትንሿ ጣት ቀለበቱ አካባቢ ካረፈች ያ የ22 ዲግሪው ነው። ጨረቃዋን ተጠግቶ ያቀፋት፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚሰፋ፣ ዳሩ ቀላ ያለ ክብ ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮሮና ይባላል (አዎ፣ ስሙ ከወረርሽኙ በፊትም ነበር)። ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ከጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ነው። ቀለሙም የተገላቢጦሽ ነው፣ ቀዩ በውጪ። ጀማሪ ሁሉ ሁለቱን ያምታታል።

«ጨረቃ ከተከበበች ይዘንባል» የሚሏችሁም አይጠፉም። አንዳንዴ ልክ ናቸው፤ ያ ስስ ደመና ዝናብ ይዞ ከሚመጣው ደመና ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ቀለበቱን እጽፋለሁ፤ ዝናቡን ሲዘንብ እጽፋለሁ።

ያን ጠዋት አለቃዬ ገጹን አላስቀደዱኝም። «በአንድ ጭረት ሰርዘው፣ የሰረዝከው ይነበብ» አሉኝ። ከሥሩ «በዓይን የታየው፦ ነጭ» ብዬ ጨመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር «ነጭ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ጠማማ ናት።