ፕሬስ ማሽን ጣቱን ለቆረጠበት ወንድምሽ፦ መጀመሪያ «የሕመም ፈቃድ» የሚለውን አስቀይሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ወንድምሽ ብረታ ብረት ቤት ፕሬስ (ብረት በኃይል ተጭኖ የሚቆርጥ ወይም የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ሲሠራ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል። አሠሪው ካሳከመው በኋላ «የሕመም ፈቃድ ላይ ነው» ይላል፤ «ጥፋቱም የራሱ ስለሆነ 20,000 ብር ወስዶ ይፈርም» ብሏችኋል። ደመወዙ 8,000 ብር ነው ብለሻል።

አይፈርም። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ ሳይታወቅ አይፈረምም።

«የሕመም ፈቃድ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ተራ ነገር እንዳትመስልሽ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። በእሱ ደመወዝ ሲሰላ ቢበዛ 16,000 ብር ይሆናል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከተባለ ግን መጀመሪያ 3 ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ዓመቱን ሙሉ መሥራት ባይችል 66,000 ብር ነው። ሕክምናው፣ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል የአሠሪው ወጪ ነው፤ ከዚህ ላይ አይቀነስም።

ስለዚህ መጀመሪያ የታከመበት ቦታ ሄዳችሁ ካርዱ ላይ የተጻፈውን እዩ። ሐኪም የሚጽፈው የተነገረውን ነው፤ ያን ዕለት የተናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታካሚውን ያመጣው ፎርማን ነው። «በሥራ ላይ እያለ በማሽን» የሚል ከሌለ ሐኪሙን አነጋግራችሁ ምክንያቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት የሕክምና ማስረጃ ጠይቁ። ከዚያ ለድርጅቱ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፉ፦ አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ማሽን፣ ማን አየ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ እንዲመዘገብና ክፍያው በዚያው እንዲታሰብ። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ልካችሁ ደረሰኙን ያዙ።

«ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚለውን በተመለከተ፣ ሕጉ አሠሪው ባያጠፋም ተጠያቂ ያደርገዋል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በተለይም በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ መጥቶ ከሆነ። ተዘናግቶ መሳሳት ሆን ብሎ መጉዳት አይደለም። «ጓንት አላደረገም» ካሉም አትደንግጡ፤ የጨርቅም ሆነ የቆዳ ጓንት የፕሬስን ምት አያቆምም፣ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ደግሞ እጅን ስቦ ያስገባል። ፕሬስ ላይ እጅን የሚያድነው መከላከያ ሽፋኑና ሁለቱም እጆች ካልተጫኑት የማይነሳው ማስነሻ ነው። ብዙ ቦታ ሽፋኑ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ይፈታል፣ አንዱ ቁልፍ በፕላስተር ይታሰራል ወይም ማሽኑ በፔዳል ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል። ማሽኑ ሳይጠገን ፎቶ የሚያነሳ የሥራ ባልደረባ አሁኑኑ ፈልጉ፤ አንድ ሳምንት ከቆየ ሽፋኑ ተመልሶ ተገጥሞ ታገኙታላችሁ። ሽፋን አለመኖሩ ከተረጋገጠ ጉዳዩ የአሠሪው ጥፋት ስለሚሆን፣ በዚህ ሕግ ከሚከፈለው ሌላ በፍትሐ ብሔር ካሳ የመጠየቅ መብትም አለ።

ድርጅቱ እምቢ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል፣ ከሌለም በቀጥታ፣ ለአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቱ። ማሽኑን ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያየው እሱ ነው።

ቁስሉ ሲድን ቋሚ ጉዳቱን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ በተቻለ መጠን አደጋው በደረሰ በ12 ወር ውስጥ መወሰን አለበት። እዚህ ላይ የደመወዝ መክፈያውን እዩ፦ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበት ነበር? ከተቆረጠና ገቢ ከተደረገ (አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል) የቋሚ ጉዳቱ ክፍያ የሚታየው በጡረታ ሕግ ነው። ጡረታ ውስጥ ካልገባ ከአሠሪው በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፦ ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል የ5 ዓመት ደመወዝ፣ በከፊል ለተጎዳ ደግሞ በመቶኛው ልክ። የእሱ 5 ዓመት 480,000 ብር ነው፤ ቦርዱ ለምሳሌ 15 በመቶ ቢል 72,000 ብር ይሆናል። 20,000ውን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

እስከዚያው የሐኪም ቀጠሮ እንዳያሳልፍ፤ ምርመራ እምቢ ያለ ወይም የሐኪም ትእዛዝ የጣሰ ሠራተኛ የየወሩ ክፍያ ሊታገድበት ይችላል። ወደ ፍርድ ቤት ከተሄደ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ግን ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በአጠቃላይ በ1 ዓመት፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ «እንስማማለን፣ ታገሱ» እያሉ ቀኑን እንዳያሳልፉባችሁ።