«ስንት ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ፦ የደመወዝ ድርድር ጥያቄና መልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አብዛኞቹ የሴቶች ናቸው፣ የደመወዝ ክፍተቱም በሴቶች ላይ ያመዝናል። ግብሩን ያሰላሁት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ምጣኔ ነው። የደመወዝ ቁጥሮቹ ግን ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው።

ጥያቄ (ሸዋ በር፣ ደሴ)፦ በአካውንቲንግ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ያወጣው ማስታወቂያ «ደመወዝ በስምምነት» ይላል። ስንት ልበል?

መልስ፦ «በስምምነት» ቢልም ለመደቡ የተያዘ በጀት አለ፣ ወለልም ጣሪያም ያለው። አንቺ ከወለሉ በታች ብትጠሪ «ጨምሪ» የሚልሽ የለም። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ አራት ሰዎች ጠይቂ፤ ሁለቱ የግድ ወንዶች ይሁኑ። ሴት ሴት ጓደኛዋን ብቻ ስትጠይቅ፣ የጓደኛዋ ደመወዝ ከመነሻው ዝቅ ብሎ ከሆነ ጉድለቱን እንዳለ ትወርሳለች። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ካልሽ ሰው ይሸሻል። «ለሁለት ዓመት ልምድ ከ10 እስከ 13 ሺህ ይከፍላሉ ሲባል ሰማሁ፣ ልክ ነው?» ብትዪ ግን ያርምሻል።

ከዚያ ሦስት ቁጥር ያዢ፦ የምትጠሪውን፣ የምትስማሚበትንና ከዚያ በታች የማትገቢበትን። የመጨረሻውን በግምት አታስቀምጪ። ሰርቪስ ከሌለ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን የሚኒባስ ሂሳብ ደርሶ መልስ አድርገሽ በ26 ቀን አባዢ፤ ምሳም ጨምሪበት። ኮምቦልቻ ቤት ብትከራዪ ስንት እንደሚያወጣሽም ከጎኑ አስቀምጪ።

ሲጠይቁሽ፦ «ለመደቡና ለልምዴ ያልተጣራ 13,000 ብር እጠብቃለሁ» በዪና ዝም በዪ፤ ያልተጣራ ማለት ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ነው። «ካልሆነም ችግር የለውም» የምትባለው ጭራ ናት የምታስወድቅሽ። ከእነሱ በፊት አንቺው ዋጋሽን ቀነስሽው ማለት ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ በ8,000 ብር ተስማምቼ እጄ የገባው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ተታለልኩ?

መልስ፦ አንቺ የተጣራውን፣ እነሱ ያልተጣራውን እያወራችሁ ነበር። የ8,000 ብር 25 በመቶ 2,000 ነው፤ ለዚህ እርከን ከግብሩ ላይ የሚነሳው ቋሚ ተቀናሽ 850 ሲወጣለት ግብሩ 1,150 ይሆናል። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ነው። 6,290 ብር ይደርስሻል። 8,000 እጅሽ እንዲገባ 10,556 ብር ገደማ መጠየቅ ነበረብሽ።

ስልክሽ ላይ ጻፊው፦ እስከ 2,000 ግብር የለም፤ እስከ 4,000 15 በመቶ (ተቀናሽ 300)፤ እስከ 7,000 20 በመቶ (500)፤ እስከ 10,000 25 በመቶ (850)፤ እስከ 14,000 30 በመቶ (1,350)፤ ከዚያ በላይ 35 በመቶ (2,050)።

ጥያቄ፦ ለእኔ 7,000 ደመወዝና 3,000 አበል፣ አብሮኝ ለሚሠራው ወንድ 10,000 ደመወዝ። ድምሩ እኩል ነው አይደል?

መልስ፦ ዛሬ ሊመስል ይችላል፤ አበል ከግብር ነፃ የሚሆን ክፍል ካለው እንዲያውም ያንቺ እጅ ላይ የሚገባው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ጡረታ፣ የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰሉት ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። የወሩን ደመወዝ በ208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ብናካፍለው፣ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ የእሱ 72 ብር፣ ያንቺ 50 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ያህል ነው። በሳምንት የሚፈቀደውን 12 ሰዓት ብትሠሩ እሱ 865፣ አንቺ 606 ብር ታገኛላችሁ። የመቶኛ ጭማሪም ሲመጣ በዚያው ላይ ነው የሚያርፈው። ድርድርሽ መሠረታዊው ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ የድሮ ደመወዜ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ተጽፏል። እሱን አይተው ትንሽ ጨመር ያደርጉልኛል።

መልስ፦ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚከተልሽ በዚህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀቱ ደመወዝንም ይይዛል፤ ስለዚህ አትዋሺ፣ ይደርሱበታል። «ያ የዚያ ቤት ስኬል (የደመወዝ እርከን) ነው። እዚህ ግን ፔሮሉንም የግብር ማሳወቁንም እኔ ነኝ የምይዘው» በዪ። የተጨመረውን ሥራ በስሙ ጥሪው።

ጥያቄ፦ አብሮኝ የገባው ወንድ በ1,500 ብር ይበልጠኛል።

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የሴት ሠራተኞች መብት ነው ይላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በፆታ ምክንያት በክፍያ ማበላለጥን ይከለክላል። ከመክሰስ በፊት ግን አነጻጽሪ፦ የሥራ መደብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ልምድ፣ ሺፍት። ልዩነት ካላገኘሽ «የደረጃ ምደባዬና ደመወዜ ከመደቡ ጋር ይታይልኝ» የሚል ማመልከቻ ጽፈሽ ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው አስፈርሚ። የልጁን ስም አታንሺ፤ ጉዳዩ ከቢሮው ወጥቶ የእናንተ ጠብ ይሆናል። መልስ ካጣሽ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዚያ በከተማሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂጂ። አትዘግዪ፤ የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል።

ጥያቄ፦ ዓይን አውጣ ቢሉኝስ? እንዲህ ፊት ለፊት መናገር አልችልም።

መልስ፦ አብሽሪ። አክብሮትና ቁጥር አይጣሉም። «እርስዎ እንደሚያውቁት መደቡ ሰፊ ኃላፊነት አለው፤ 13,000 ቢሆን ደስ ይለኛል» ማንንም አያስቆጣም። እቤት ጮክ ብለሽ አሥር ጊዜ በዪው፤ ምላስ የሚያዘው ቁጥሯ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጭማሪ መቼ ልጠይቅ?

መልስ፦ የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅቶች፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ። ነሐሴ ላይ «በጀት ተዘግቷል» ቢሉሽ እውነታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤትስ?

መልስ፦ ስኬሉ አይነካም። ያልተያዘልሽ የልምድ ዓመት ካለ ግን ማስረጃውን አስገቢ።

ጥያቄ፦ «ከሙከራ በኋላ እናስተካክላለን» ተባልኩ። ልመን?

መልስ፦ ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ ላይ «ሙከራው ሲያበቃ ደመወዙ ... ብር ይሆናል» ተብሎ ይጻፍ። አንጻፍም ካሉ፣ ዛሬ የምትፈርሚው ቁጥር ነው ደመወዝሽ፤ ከዝቅተኛው ቁጥርሽ ጋር ያንን አስተያዪ።