የቀበሌ ቤት ይዘሽ እናትሽን ለምታስታምሚው እህቴ

«እናቴ በስትሮክ ከወደቀች አራት ወሯ፣ በስሟ ባለ የቀበሌ ቤት ነው የማስታምማት፣ መንግሥት ለአስታማሚ የሚሰጠው ነገር አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለአስታማሚ እኔ ያገኘሁት ነገር የለም። ቤቱን ግን እንዳትነጠቂ። የኔም እናት እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ከሁለት ዓመት በላይ ተኝታብኝ ነበር።

1. ጤና መድኅን። መክፈል ለማይችል መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ስም የሚያወጣው ቀበሌ ስለሆነ አትፈሪ፣ ሄደሽ ጠይቂ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፊ ቀጥ ብለሽ ሆስፒታል ከሄድሽ ግን ከኪስሽ መክፈል ይመጣል። ዳይፐር አይገዛልሽም፤ እኔ ላስቲክ አንጥፌ አሮጌ አንሶላ እየቀደድኩ ነው የገፋሁት።

2. የከተማ ሴፍቲኔት። «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባል አለው፣ መሥራት ለማይችል አረጋዊና በሽተኛ የሚሰጥ ብር። በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከኦሮሚያ አዳማ ብቻ ነበረች፣ እኛ በሬዲዮ እየሰማን ከረምን። በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። መልማዩ የሰፈር ኮሚቴ ነውና ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። እናትሽን በዓይናቸው ይዩዋት፤ ጓዳ የተኛ ሰው ማን ያስታውሰዋል?

3. ፋይሉ! የቀበሌ ቤት ውርስ የለውም። በአዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ጀምሮ የመንግሥት ነው፣ እናትሽም ተከራይ ናት። አንቺን የሚያተርፍሽ በእሷ ፋይል ውስጥ አብራ ነዋሪ ተብለሽ መጻፍሽ ነው። እኔ ሳገባ መታወቂያዬን ወደ ባለቤቴ ቀበሌ አዛወርኩ። ትዳሩ ፈረሰ (እሱን ተዪው)፣ እናቴ ጋ ተመለስኩ፣ መታወቂያውን ማን አስታውሶት! ሁለት ዓመት በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ሳገላብጥ፣ አንድ የአልጋ ቁስል ሳይወጣባት፣ ነርሷ እንኳ ተገርማ፣ በወረቀት ግን ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች።

ላስተካክል ስሄድ አንድ ክረምት አመላለሱኝ። መጨረሻ ላይ ፋይሉን የያዘው የቀበሌው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ማስታመም ነዋሪ አያደርግም። ተከራይዋ ራሷ ቀርባ ትፈርም» አለኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው እኮ! አልጋ ላይ ናት ብለው፣ «እንግዲህ» ብሎ ዝም።

በማግስቱ ባጃጅ ጠራሁ። ከሁለት የዕድር ልጆች ጋር በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን ደረጃውን አወጣናት፣ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥናት። የሚታዘዝላት የግራ እጇ ብቻ ነበርና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጫንኩላት። «ልጄ ናት፣ እኔን የምታጥበኝ እሷ ናት» አለች፣ በተጣመመ አፏ፣ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ልጁ ማኅተሙን ፍለጋ መሳቢያውን ሲበረብር ቆየ።

ከአራት ወር በኋላ አረፈች። ሠልስቷ ሳይወጣ ቤቱን ሊያሽጉ መጡ። ማኅተም ያለበትን ኮፒ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠኋቸው፣ አንብበው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ንፍሮ በልተው ሄዱ።

አንቺ ዛሬውኑ መታወቂያሽ የየት ቀበሌ እንደሆነ እዪ። ጣቷ ሳይደክም አስፈርሚ። ኦርጅናል እንዳትሰጪ፤ የኪራይ ደረሰኝም አንድ አይጉደል፣ የእኛ የወር ኪራይ ስድስት ብር ነበር፣ ያቺን ስድስት ብር ነው መጀመሪያ የጠየቁኝ።